ከአያ ይማም የተረከብኳት ባቡር

እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ነው የሚመጣው ይላሉ፤ ውሸት ነው። የእኔው የመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ የሱዳኗ የገዳሪፍ ውሻ ሁሉ ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር በገባበት ቀትር ነው። አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ በዛርም በጋኔንም አላምንም፣ ሰው “አያቴ በዓይኗ አይታ” ብሎ ሲጀምር “መነጽር ነበራት?” ብዬ የምጠይቅ፣ በዚህም ጠባዬ ሠርግ የማልጠራ ሰው ነኝ። እመነኝ፣ ይኼን ስጽፍ መጀመሪያ የማፍረው ራሴው ነኝ።

ብዙ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም፣ ግን እዚህ አገር የአማርኛ ጽሑፍ ሽንኩርት አይገዛም፣ የምበላው ሬዲዮና ሞባይል ጠግኜ ነው። በዚያ ቀን የጎረቤቴ የአያ ይማም ልጅ ሰልዋ እየሮጠች መጣች። አያ ይማም የመተማ ሰው ናቸው፣ በልጅነታቸው ተሻግረው ዕድሜያቸውን ሁሉ የሱዳንን ሐዲድ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸውም ባቡር ካየ ብዙ ዘመን ከሆነው አሮጌ ሐዲድ ዳር ያለ። ስኳር እግራቸውን አቁስሎታል፣ ሐኪሙም ዛሬውኑ ከሰላ ሆስፒታል ካልደረሱ እግሩ ይቆረጣል ብሏል፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ እሳቸው ግን ንቅንቅ አልል ብለዋል።

“ኡስታዝ፣ ያቺ ባቡር ካልሄደች አልነሣም አሉ። ወላሂ ደከመኝ፣ ይምጡልኝ።”

ባቡር ያለቻት የሥራ ባልደረቦቻቸው በጡረታቸው ቀን ከቆርቆሮና ከናስ ሠርተው የሰጧቸውን ሞዴል ነው፣ ያውም ጎታቿን ብቻ፣ ሳንቃ ላይ በተቸነከረ ክብ ሐዲድ በባትሪ የምትዞር። ገለበጥኳት፤ ከመንኰራኩሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ከመገናኛው ተነቅሎ፣ አንዱ ብልጥ በፕላስተር ጠቅልሎታል። መብራት ስላልነበረ የብየዳ ካውያዬን ከሰል ላይ አግዬ፣ ዝገቱን ፍቄ፣ በሊድ አያያዝኩት። በቴስተር ለካሁ፣ ያስተላልፋል። የሐዲዱን ሽቦዎች ከባለሦስት እግሯ ራክሻ ባትሪ ጋር አገናኘሁ፣ አልሄደችም። ሞተሩን ለብቻው ሞከርኩ፣ ይዞራል። መልሼ ሐዲዱ ላይ ሳስቀምጣት ድርቅ።

አያ ይማም አልጋቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

“ሽቦው አይደለም፣” አሉ። “መስመሩ አልተለቀቀም።”

“ማን ነው የሚለቀው፣ አያ?”

“የሚመጣው ሲያልፍ ይለቀቃላ። አንተ ያን ሁሉ መጽሐፍ የምታነብ ለምንህ ነው?”

“አቡይ፣ ባቡር የለም፣ ኸላስ፣” አለች ሰልዋ። “ሐዲዱ ላይ የሚተኛው ፍየል ነው።”

“ፍየሎቹስ የት አሉ?” አሉ ሽማግሌው።

በበሩ አየን። ፍየሎቹ ከሐዲዱ ተነሥተው፣ ማዶ ዳር ላይ ተደርድረው ቆመዋል፣ አንዱም አያመሰኳም።

ነፋስ ነው አልኩ። ከዚያ ከአልጋቸው አጠገብ በጣሳ ያለው ውኃ ክብ ክብ እየሠራ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከውጭም ብረት በብረት ላይ ሲፋቅ የመሰለ ቀጭን ድምፅ መጣ። የሰሊጥ ጫኝ መኪና ነው አልኩ፣ ግን መንገዱ ባዶ ነው፣ ሹፌራችንም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ሐዲዱን አፍጥጦ ያያል። ልብ በልልኝ፣ ይኼኔ ሁለቱን ሽቦዎች ከባትሪው ነቅዬ በእጄ ይዣለሁ። አቧራው ከሐዲዱ ላይ ተነሣ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ትኩስ አየር በበሩ ፊት አለፈ፣ አለፈ፣ አላልቅ አለ፣ ምንም ግን አይታይም። ከዚያ ጸጥ።

“አለፈ፣” አሉ አያ ይማም።

ባቡሪቱም ሄደች። ሽቦው በእጄ ነው እልሃለሁ። ቀስ ብላ ዞራ ከአልጋቸው ፊት ቆመች።

“እንግዲህ ሄደችልዎት፣ ይነሡ፣” አልኩ።

“ተረኛ ሳይረከበኝ? ሐዲድ ጥዬ ሄጄ አላውቅም።”

በእነሱ ሥራ ወጉ እንዲህ ነው፣ የሚተካው ሰው በአካል መጥቶ በገዛ አፉ “ተረክቤያለሁ” ካላለ፣ ጠባቂው ልጁን ቢድር እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሰልዋ አለቀሰች።

“ኡስታዝ፣ ይበሏቸው እንጂ። አንድ ቃል ነው እኮ።”

እኛ ጎንደሬዎች በዓለሙ ሁሉ ላይ እንከራከራለን፣ የታመመ ሽማግሌን ግን እምቢ ማለት አናውቅም፣ እሺ ብለን ኋላ መርሳት ነው ልማዳችን። እጃቸውን ይዤ “ተረክቤያለሁ፣ አያ” አልኩ። ፊታቸው በራ፣ ትከሻዬን ይዘው ተነሡ፣ ያቺን ባቡር ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ተሳፈሩ።

እግራቸው ተረፈ። ሰልዋ ከከሰላ ስትደውልልኝ ባቡሯን ልላክላችሁ አልኳት፣ ሽማግሌው ስልኩን ተቀበሉና “ምን ልታደርግልኝ? እኔ እኮ ተተክቻለሁ” ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ወደ መተማ ልሻገር ብዬ ወደ ድንበሩ የሚሄድ የገላባት መኪና ተሳፍሬ ነበር፣ እህቴ ልጇን እየዳረች። ከተማው ሳያልቅ ወረድኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ ቀትር ሊሆን ነው ብዬ ነው የወረድኩት፣ ለሹፌሩም ያልኩት ይኼንኑ ነው። አሁን በየቀኑ በቀትር አያ ይማም በር ላይ እቀመጣለሁ፣ የሚያልፈው እስኪያልፍ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ልትሰጠኝ ያሰብከውን ማብራሪያ ለራስህ ያዘው። መምጣት ከቻልክ ግን ና፣ ፊቴ ቁምና “ተረክቤያለሁ” በለኝ።