የኢንደርጂት ሳሃኒ መነጽር

ኢንደርጂት ሳሃኒ ሞቶ የተገኘው በሽልማቶቹ መሀል ነው። ቀይ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ የክብር ሻሉን ቀኝ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ነጭ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ፣ መነጽሩን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ትናንት ዴልሂ የተሸለመው ወርቃማ ሐውልት አለ። ላየው ሰው አሁኑኑ ብድግ ብሎ ንግግር የሚያደርግ ይመስላል።

ኢንስፔክተር ሱሎቻና ፋድኬ በቤቱ ደንብ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ የደንብ ልብሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ነበር። ሙምባይ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ይህን በጁሁ ሰፈር ያለ ግቢ በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላ በኩል ጎርፍ የዋጠው መንገድ ስለዘጋው ከረፋዱ አራት ሰዓት ወዲህ የገባም የወጣም የለም። እሷና አብሯት የመጣው ፖሊስ እንኳ የደረሱት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ለምነው ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ከወለል እስከ ጣሪያ ዋንጫና ሜዳሊያ ታጭቆበት የሃምሳ ዓመት ጭብጨባ እዚያው ታፍኖ የቀረ ይመስል ነበር። ሱሎቻና ልጅ ሳለች የዚህን ዳይሬክተር ፊልም ለማየት ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ታውቃለች።

«ልቡ ነው» አላት የሟቹ ልጅ ጃስፓል። «የገደለችው ግን ነርሷ ሊሲ ናት። መድኃኒቱን አዛብታ ሰጥታው ነው። ዕቃ ቤት ቆልፌባታለሁ፤ ይዛችሁልኝ ሂዱ።»

«በምን አወቅህ?»

«ለእህቷ ሠርግ ኬራላ ልሂድ ብትል አባዬ ከለከላት። ‹ይሄ ሽማግሌ እስረኛ አደረገኝ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። አስከሬኑን አገኘሁ ብላ የጮኸችውም እሷው ናት።»

ሱሎቻና ጉንጉኑን በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገችው። ከሥሩ፣ አንገቱን ዙሪያውን፣ የቀላ ሰንበር ነበር።

«መድኃኒት እንዲህ ያለ ሰንበር አያወጣም።»

ጃስፓል ላፍታም አልተቸገረም። «እንግዲያው አንቃዋለች!»

ሱሎቻና ወደ መበለቲቱ ሄደች። ወይዘሮ ዳማያንቲ እንባዋን በሳሪዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

«እናቴ፣ ጉንጉኑን ማን አጠለቀለት?»

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ። ኢንደር እኮ አበባ ባጠለቁለት ቁጥር ወዲያው ነው የሚያወልቀው። ‹አበባ አንገቱ ላይ የሚውልለት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሟች ፎቶ ነው› ይል ነበር። ትናንትም ፎቶ አንሺዎቹ ለምነውት ነው ትንሽ ያቆየው።»

«ዛሬስ እንዴት ዋላችሁ?»

«ጠዋት በመጀመሪያው አውሮፕላን ገባን። ምሳ እሱ፣ እኔና ጃስፓል በላን። ሊሲ አጠገቡ ቆማ ጋዜጣ ታነብለት ነበር።»

«ራሱ አያነብም?»

«መነጽሩን አውሮፕላን ላይ ጥሎት ወረደ። ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ትርፍ አሠራ ብል ማን ሰምቶኝ! ምሳውን ሙሉ ሲነጫነጭ፣ ፈልጉልኝ እያለ ሁላችንንም ሲያስቸግረን ነበር። ከዚያ እዚህ ልተኛ ብሎ ገባ።»

ሱሎቻና ወደ ሟቹ ደረት ኪስ ተመለከተች።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሊሲ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ያለቀሰችው እንባ ጉንጯ ላይ ደርቋል።

«ብለሻል የተባለውን ብለሻል፣ ልጄ?»

«ብያለሁ። እስረኛ አደረገኝ ብያለሁ። እስረኛ ነኝ ያለ ሁሉ ሰው ይገድላል እንዴ? አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ይዤለት ስገባ እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት። እህቴ ነገ ነው የምታገባው። ሠርጉ ላይ እንኳን ልደርስ፣ ነፍሰ ገዳይ ብለው ወህኒ ሊሰዱኝ ነው። የሀብታም ቤት ነው፤ ማን ያምነኛል?»

ሱሎቻና የሚያምናት እንዳለ ልትነግራት ፈለገች፤ ግን ማስረጃ ሳይኖራት ተስፋ መስጠት አትወድም። ቁልፉን ከጃስፓል ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

የቀረው አንድ ሰው ነው። ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ የፊልም አልባሳትና ዕቃ በታጨቀባቸው የቆርቆሮ ሣጥኖች መሀል፣ የሳሃኒ ረዳት ይኖራል። ቤንጋሊ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ማዱ ዳ ይለዋል፣ ማዱ ታላቅ ወንድም እንደማለት። ሥራው በአንዱ ቀረጻና በሚቀጥለው መሀል ነገር እንዳይፋለስ መጠበቅ ነው። ተዋናዩ ሲኒውን በግራ እጁ ይዞ ከነበረ፣ በሳምንቱም በግራው እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶበታል።

አልጋው ላይ የዕለቱ ጋዜጣ ተዘርግቷል። የሳሃኒ ትልቅ ፎቶ አለበት፤ ሻል፣ ጉንጉን፣ ሐውልት።

«ትናንት በቴሌቪዥን አላዩትም?» አለችው።

«እዚህ ቴሌቪዥን የለም። ጋዜጣው ንግግሩንም ጽፎታል። ልብስ ሰፊውን ሳይቀር አመስግኗል።»

«እርስዎንስ?»

ማዱ ዳ ፈገግ አለ። «ቦታ አጥሯቸው ይሆናል።»

«ምሳ የት በሉ?»

«እዚሁ። ሁልጊዜም እዚሁ ነው።»

ሱሎቻና ጋዜጣውን አንሥታ ሁሉንም ሽልማቶቹ ያሉበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሊሲም በፖሊሱ ታጅባ መጣች።

«ቤቱ በውሃ ተከቧል፤ ገዳዩ ከእናንተ አንዱ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «በሻሉ አነቀው፣ ሰንበሩን በጉንጉኑ ሸፈነ። ቀጥሎ ሽማግሌው በክብሩ መሀል በሰላም አለፈ እንድንል ሟቹን አስተካክሎ አስቀመጠው። እንዴት አድርጎ? ይህን እዩ።» ጋዜጣውን ከሟቹ ጎን ዘረጋችው። «ሻሉ በቀኝ ትከሻ። ሐውልቱ ፊቱን ወደ ግራ። የግራው እጅጌ አንድ ጊዜ የታጠፈ። መነጽሩ ደረት ኪስ ላይ። አንድም የተፋለሰ ነገር የለም።»

«ታዲያ ያ ምን ያሳያል?» አለ ጃስፓል።

«መነጽሩ ጠፍቷል፣ ጃስፓል። አንተም ታውቃለህ፣ እናትህም ታውቃለች። ሊሲ ደግሞ በጠፋው መነጽር ምክንያት ስታነብለት ውላለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ሟቹ ኪስ ላይ መነጽር አይሰካም።» መነጽሩን አውጥታ ከጋዜጣው ፊደሎች በላይ ያዘችው። ፊደሉ ቅንጣት አልጎላም። «ተራ መስታወት ነው። ለፊልም የተሠራ ነው፤ የተነሣውም ከቆርቆሮ ሣጥን ነው። ፎቶው ላይ መነጽር ስላለ ሳይሰካው ማለፍ አልቻለም፤ ሙያው አልፈቀደለትም። መጥፋቱን ያልሰማው ደግሞ ምሳ ላይ ያልነበረው ሰው ብቻ ነው።»

ማዱ ዳ ከሁሉም ኋላ፣ መደርደሪያውን ተደግፎ ቆሟል።

«ማን ይንገረኝ?» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ስኖር አንድ ቀን ማዕድ ላይ ተቀመጥ ተብዬ አላውቅም።» አራት ዋንጫዎችን በእጁ አሳየ። «እነዚህን ያመጣውን ፊልም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ። ሲሸልሙኝ ስምህን እጠራለሁ አለኝ። በየዓመቱ ‹የሚቀጥለው ላይ› ይለኛል። የትናንቱ የመጨረሻው ነበር፤ ከዚያ በላይ ሽልማት የለም። ጋዜጣውን ይዤ ወርጄ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። ‹ማዱ፣ አንተን ማን ያውቅሃል?› አለኝ።»

«ይህችን ልጅ ሲቆልፉባትስ?»

አንገቱን ደፋ። «እሱን አልክድም። መቆለፍ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ዝም አልኩ።»

ሱሎቻና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አውጥታ ሊሲ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። «ጀልባው ውጭ ቆሟል። ዕቃሽን ሰብስቢ፣ አብረን እንወጣለን።» ልጅቷ ቁልፉን ጨብጣ እንደገና አለቀሰች።

ኢንስፔክተሯ ደብተሯን ገለጠች። «የተከሳሽ ሙሉ ስም?»

«ማዱ ዳ ነው፣ ማዱ...» ብሎ ጀመረና ጃስፓል እናቱን አያት። ዳማያንቲም አታውቀውም፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

ሽማግሌው ከመደርደሪያው ተላቆ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ኮሌታውንም አስተካከለ።

«ማዱሱዳን ታራፍዳር» አለ፣ ድምፅ ማጉያ ፊት እንደቆመ ሰው ቀስ ብሎ። ከዚያ በትክክል መጻፉን ለማየት ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለ።