አሥራ አንድ ሰከንድ የጠፋችው ኮከብ

የዶክተር አምፓሮ ሕግ አንድ ነበር፤ ስሌቱን የሠራ ሰው በቴሌስኮፑ አያይም። የሚመኝ ዓይን ያልሆነውን ያያል።

ስለዚህ ጀምበር ጠልቃ የሜክሲኮው የሶኖራ በረሃ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ኖኤሚ ለቴሌስኮፑ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። በእሷ ፈንታ የሚያየው ኤፍሬን ነው፤ በአቅራቢያው ባለችው በካቦርካ ከተማ የፊዚክስ መምህር። የተገናኙት ከአራት ቀን በፊት፣ መኪና ያለው ሰው ስታፈላልግ ነው።

ከኔፕቱን ማዶ የሚዞር፣ ማንም አጥርቶ ያላየው የበረዶ አካል ዛሬ በአንዲት ኮከብ ፊት ያልፋል። ኮከቧ ለጥቂት ሰከንድ የምትጠፋው ጥላው ካረፈበት ቦታ ለሚያይ ብቻ ነው። ጥላው የት ያርፋል? ዶክተሯ ስምንት ቡድን ወደ ሰሜን ልከዋል። «ደቡብ ነው» ያለችው ተማሪያቸው ኖኤሚ ብቻ ናት። ከተሳሳተች የሁለት ዓመት ጥናቷ ገደል ገባ።

«ትታይሃለች?»

«ትታየኛለች። ዝም በይ።»

«ተማሪዎችህንም እንዲህ ነው የምትቆጣው?»

«እነሱ እንዳንቺ አይንቀጠቀጡም። ጃኬቴን ልበሺ።»

«አልበረደኝም።»

«አውቃለሁ። ልበሺው።»

ለበሰችው።

«ጠፋች!» አለ ኤፍሬን ድንገት።

ኖኤሚ የሰዓቱን ቁልፍ ተጫነች። ትንፋሿን ይዛ ቆጠረች። አሥራ አንድ ላይ «ተመለሰች!» ብሎ ጮኸ። እንደ ልጅ ዘለሉ፣ ተቃቀፉ፣ ደንግጠው ተላቀቁ።

ስልኩ ጠራ፤ ዶክተር አምፓሮ ናቸው። ሰሜን ላይ ማንም ምንም አላየም።

«እኛ ጋ ጠፋች! አሥራ አንድ ሰከንድ!» አለች ኖኤሚ።

«ምስክሩን አቅርቢልኝ» አሉ ዶክተሯ። ኖኤሚ ሁለቱም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገች። ምስክርን ሁሉ የሚጠይቁትን ጠየቁት። «መምህር፣ ይህ እንዲሆን የሚያስመኝህ ነገር አለ?»

ኤፍሬን «የለም» ቢል ድሉ የኖኤሚ ነው። አየችው፤ አላያትም።

«አለ» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«እሷ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ... እንዲሳካላት ከራሷ በላይ ተመኝቻለሁ።»



«እንግዲያ ምስክርነትህ አይመዘገብም» አሉ ዶክተሯ፤ ድምፃቸው ግን ሳቅ ያፈነው ይመስል ነበር። «ኖኤሚ፣ የእኔም ስሌት ዛሬ ወድቋል። የበረዶ አካሉ በመጋቢት ሌላ ኮከብ ይሸፍናል። ያኔ ቡድኑን ሁሉ አንቺ ባልሽው ቦታ አሰልፋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አበላሸሁብሽ» አለ ኤፍሬን፣ አንገቱን ደፍቶ።

«አዎ፣ አበላሸኸው።» ጠጋ አለች። «እውነቱን ንገረኝ፤ ጠፍታ ነበር?»

«ድርግም ብላ።»

ኖኤሚ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። መዋሸት ሲያዋጣው ያልዋሸ ሰው ነው። አመነችው፤ ስለ ኮከቧም፣ ስለ ራሱም።