የጥር ሙቀት

ሲሃም በመርፌ ጫፍ የቆየ የጥፍር ቀለም እየፋቀች ነበር።

ቀለሙ ጥፍር ላይ አልነበረም። የክብሪት ቤት በምታህል የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ፣ ከምስር ፍሬ በምታንስ የነሐስ ብሎን ራስ ላይ ነበር። ከላይ ቡናማ ነው። ጠርዙን ስትፍቀው ከስሩ ጽጌረዳማ ወጣ፣ ከሁሉም ስር ደግሞ ደማቅ ቀይ። ከብሎኗ አጠገብ ተነስቶ እስከ ሰሌዳው ጫፍ የሚወርድ አንድ ጥልቅ ጭረት አለ። መርፌዋ እዚያ ስትደርስ ቆመች፤ ጭረቱን ሳትነካ አልፋ ከማዶ ቀጠለች።

የእንጨት መቅረጫ ማሽኗ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አርጅቶ ተቃጥሎ፣ በምትኩ አዲስ ተገዝቷል። አዲሱ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲግባባ ይህች ብሎን እንደገና መስተካከል አለባት። ብሎኗን ለማዞር ደግሞ ቀለሙ መነሳት አለበት።

ቀዩ ጋ ስትደርስ እጇ ዘገየ።

ቀዩ በተቀባበት ዘመን፣ በግብፅ የእንጨት ሠራተኞች ከተማ በዱምያት፣ ከየቤቱ ምድር ቤት የመዶሻና የመሮ ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቷ ኡስታ ሹክሪ፣ እንደ ማዕረጋቸው የሙያው ጌታ፣ በሰፈሩ የታወቁ የእንጨት ቀራጭ ነበሩ። በሙሽሮች አልጋ ራስጌ ላይ የሚያወጡት የወይን ሐረግ ነፋስ የሚያወዛውዘው ይመስላል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለማንም አልተናገሩም። መሮውን አጥብቀው ያዙ። ቆይተው ደግሞ ይበልጥ አጥብቀው ያዙ።

ሲሃም አይታለች። በኮምፒውተር ንድፍ መሥራት ተምራ ስለነበር፣ ተገጣጣሚ ማሽን አስመጥታ በጓዳው በኩል ባለው ክፍል ብቻዋን ገጠመችው። ለአባቷ «ጨዋታ ነው» አለቻቸው። በእርግጥም መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ የመስታወት ፍሬም፣ የሻይ ትሪ ትቀርጽበት ነበር። ችግሩ፣ የመቅረጫውን ጥርስ የሚያሽከረክረው ሞተር ምንም ፍጥነት ቢታዘዝ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን። እንጨቱ ይጨሳል፣ የሐረጉ ቅጠል ዳሩ ይጠቁራል።

«ይቺ ማሽን ዛር አለባት» አሉ ኡስታ ሹክሪ በሩ ላይ ቆመው። «እንጨት ነው የምትቀርጪው ወይስ ዳቦ ነው የምትጋግሪው?»

ከገበያው ጥግ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ባለሙያ አስጠራች። የመጣው ዋግዲ ነበር፤ ረጅም፣ ዓይኑን መሬት ላይ የሚያሳርፍ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን እንደ ሕፃን የሚያቅፍ ወጣት።

«በስንት ፍጥነት እንድትዞር ነው የሚያዟት?» አለ ማሽኑን እያየ።

«በአሥራ ሁለት ሺህ።»

«እሷስ?»

«እሷማ ያላትን ሁሉ ትለቀዋለች።»

ፈገግታው ታየና ወዲያው ተደበቀ። ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። «ሰሌዳው ከአንድ ሺህ በላይ ፍጥነት ያለ አይመስለውም። አሥራ ሁለት ሺህ ሲሉት፣ ‹ይሄማ ከጣሪያው በላይ ነው፣ ያለኝን ሁሉ ልስጥ› ይላል። በእሱ አይፈረድም። ጣሪያው የት እንደሆነ የነገረው የለም።»

«ጣሪያው የት ነው?»

«ሃያ አራት ሺህ። እውነቱን እንንገረው።» ጻፈለት። ከዚያ ወደ ሽቦዎቹ ዞረ። «ይህችን ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ ጋር የጠመጠማት ማነው?»

«እኔ ነኝ። አላማረም?»

«በጣም አምሯል። ግን የሞተሩ ሽቦ ይጮሃል፣ ይህች ደግሞ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ጎን ለጎን ከሄዱ የእሷን ማን ይሰማታል?»

ሲሃም ሳቀች። ከግድግዳው ወዲያ የአባቷ መሮ ለአፍታ ዝም አለ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ዋግዲ በብረት ጥልፍ የተሸፈነ ሽቦ ከቦርሳው አወጣ፤ ማሽኑንም አጠፋ፤ ግን ሥራ አልጀመረም። እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

«ምን እንጠብቃለን?»

በመቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ ያለችውን ቀይ መብራት አሳያት። «ኃይሉ ጠፍቷል፣ ውስጡ ግን ገና አልረሳም፤ ይመታል። እሷ እስክትጠፋ መንካት የለም።»

እሷም ተቀመጠች። በመካከላቸው አንድ ያልተጠረበ ግንድ ነበረ። ቀይዋ መብራት ቀስ እያለች ደበዘዘች። ሲሃም ከማታውቀው ሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ እንደዚህ ቀላል መሆኑን ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

ሽቦውን ከለወጠ በኋላ ማሽኑን ከፍቶ፣ መለኪያውን እያየ ትንሿን ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ አስተካከላት። ኮምፒውተሩ «ሙሉ» ሲል ሙሉ፣ «ግማሽ» ሲል ግማሽ ሆነ። በመጨረሻ ጆሮው ቀላ።

«ብሎኗ በንዝረት እንዳትዞር በቀለም ጠብታ ትታሸጋለች። የኔ ደርቆብኛል። ምናልባት... የጥፍር ቀለም ይኖርዎት ይሆን?»

ለአክስቷ ልጅ ሠርግ የገዛችውን ቀይ አመጣችለት።

ከዚያ በኋላ ማሽኗ በለሰለሰ ድምፅ ትሠራ ጀመር፤ ቅጠሉም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ማሽኗን ባጠፋች ቁጥር ቀይዋ መብራት እስክትደበዝዝ እንጨት ክምሩ ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። አንድ ሐሙስ ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው በአሴቶን አርሳ ቀለሙን ከላይ ከላዩ ጠረገችው፤ ብሎኗንም ጥቂት አዞረቻትና ሱቁ ደወለች።

«ፍጥነቷ ተዛባ» አለች።

ዋግዲ መጣ። ብሎኗን አየ። ከብሎኗ ገና የአሴቶን ሽታ ይመጣ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም።

«ሙቀት ይሆናል» አለ።

«አዎ፣ ሰሞኑን ይሞቃል» አለች ሲሃም።

ወሩ ጥር ነበር። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል፤ እሷ ራሷ የአባቷን የሱፍ ካፖርት ደርባ ነበር።

«እንግዲያው ዛሬ ሌላ ቀለም እንሞክር» አለ ዋግዲ። «ቀዩ ሙቀት አልቻለም።»

ጽጌረዳማውን አመጣች። ከዚያ በኋላ «ሙቀቱ» ብዙ ሐሙስ ተመላለሰ። እሱ በመጣ ቁጥር ሽቦዎቹ መጥበቃቸውን ሳላይ አልሄድም ይላል፤ ስለዚህ ማሽኗ ትጠፋለች፤ ስለዚህ መብራቷን ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ያወራሉ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ሬዲዮ ሲፈታ በኤሌክትሪክ ስለተመታበት ቀን። አንዳንዴ ዝም ይላሉ። «እርስዎ» እና «እርስዎ» ተባብለው ይለያያሉ። የገዛችውም ቀለም ሁሉ ለብሎኗ ነበር፤ የራሷን ጥፍር አንድም ቀን አልቀባችም።

አንድ ሐሙስ ምሳ ላይ ኡስታ ሹክሪ ነጭ አይባቸውን በዳቦ እየጠቀለሉ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

«ያንን ኢንጂነርሽን ማክሰኞ ዕለት ሻይ ቤት ልክ አስገባሁልሽ።»

«ማንን?»

«ያንን ባለ ቦርሳ። ለጥገና ሱቁ ባለቤት ሰው ሁሉ እየሰማ ነገርኩት። ‹አንዲት ብሎን ማስተካከል አቅቶት ሐሙስ ሐሙስ ቤቴ የሚመላለስ ባለሙያ ወይ ሌባ ነው ወይ ደንቆሮ› አልኩት። ልጁም እዚያው ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀበት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ዝም። ሻዩን ጠጥቶ ወጣ። ባለሱቁ አሰናብቶታል፤ ቅዳሜ እስክንድርያ አጎቱ ያለበት ፋብሪካ ሊገባ ነው አሉ። ይሂድ። እዚያ የሚያበላሸው አያጣም።»

ሲሃም ዳቦዋን አስቀመጠች። አንድ ቃል ተናግሮ ራሱን ማዳን ይችል እንደነበር ታውቃለች። በዱምያት ሠራተኛ ያለ ስሙ ምን አለው? እሱ ግን ስሙን ሰጥቶ የእሷን ጠብቆላት ወጥቷል።

«አባዬ» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስገረማት። «ብሎኗን የማዞራት እኔ ነኝ።»

«የቷን ብሎን?»

«እሱ የሚያሽጋትን። እሱ አስተካክሎ ይሄዳል። እኔ አበላሻታለሁ።»

«ለምን?»

ሲሃም የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች። ኡስታ ሹክሪ ፊቷን አዩ፤ ቀጥለው ቀለም የማያውቁትን ጥፍሮቿን አዩ።

«እሱ ያውቃል?»

«ያውቃል። አሴቶኑ ይሸተዋል።»

«እያወቀ ነው እንደዚያ ሲሳቅበት ዝም ያለው?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ያን ቀን ሻይ ቤትም አልሄዱም። ሲሃም እስከ ምሽት የሰማችው መሮ የሚሳልበትን ድንጋይ ድምፅ ብቻ ነበር።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የማሽኑ ጩኸት ነው። የድሮው ጩኸት፤ ያለውን ሁሉ የሚለቀው። ሮጣ ወረደች። አባቷ ረግጠውት በማያውቁት ክፍል ውስጥ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ቀጭኗን መሮ፣ በሌላው ስልክ ይዘዋል። የብሎኗ ቀለም ተፈርክሷል፤ ከአጠገቧም አዲስ ጭረት ሰሌዳውን አርሶታል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልደበቁትም።

«ዛሯ ተነስቷል!» ይሉት ነበር ባለሱቁን በስልኩ። «ምን? የለም፣ ሌላ አልፈልግም፣ ያንኑ ልጅ... ለቀቀ እንዴ? እንግዲያው ቤቱ ሂድና ጥራው! ደንቆሮው እኔ ነኝ፤ ይህንንም ሻይ ቤት ለተቀመጠው ሁሉ ንገርልኝ። አዎ፣ ሹክሪ ነው ያለው በል።»

ዋግዲ ለጉዞ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቦርሳውን ታቅፎ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጭረቱን አየ፤ ከዚያ በሽማግሌው እጅ ያለውን መሮ አየ።

«ኡስታ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እንኳን ሙቀት አይመስልም።»

«ሙቀት ነው» አሉ ኡስታ ሹክሪ። «ምነው፣ እኔን አይሞቀኝም?»

ማሽኑን ራሳቸው አጠፉት። በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። «ያቺ መብራት እስክትጠፋ መንካት የለም፣ አይደል? እኔ ሻይ ላፍላ።»

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ውሃ እንኳ አፍልተው አያውቁም። በሩን ወለል አድርገው ከፍተውት ሄዱ። ከማድቤቱ የድስት ክዳን መሬት ላይ ሲንከባለል ተሰማ።

ሁለቱ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጡ። መብራቷ መደብዘዝ ጀመረች።

«ሲሃም» አለ ዋግዲ። ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። «ነገ እኮ እሄዳለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ትላንት ሐሙስ ነበር። ዕቃዬን እሰበስባለሁ ብዬ የሱቁ ስልክ አጠገብ ስጠብቅ ዋልኩ። ለምን አልጠራሽኝም?»

«አልጠራሽኝም» አለ። «አልጠሩኝም» አላለም። ሲሃም ያቺን ቃል እንደ ሞቀ ብርጭቆ በሁለት እጇ የያዘቻት መሰላት።

«ባለፈው የሆነውን አባዬ ሲነግሩኝ... ስምህን አበላሸሁብህ ብዬ ፈራሁ።»

«ስሜን ሻይ ቤት ነበር የተውኩት» አለ። «አባትሽ አሁን መለሱልኝ። ሌላ የማነሳው ነገር ግን እዚህ ቤት አለኝ። እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ቀይዋ መብራት ጠፋች። ማናቸውም አልተነሱም።

«ይቺ ማሽን በቀላሉ የምትድን አይመስለኝም» አለች ሲሃም።

«እኔም አይመስለኝም» አለ ዋግዲ። «ሳትድን ጥዬ ብሄድ ደግሞ ሌባ ወይ ደንቆሮ እባላለሁ።»

ኡስታ ሹክሪ ሻዩን ይዘው ሲገቡ ግማሹ ትሪው ላይ ፈሶ ነበር። እንደ ሬት የመረረ ነበር። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ጠጡት። ከዚያ ዋግዲ ብሎኗን አስተካከለ፤ ሲሃም ቡናማውን ቀለም አመጣች። በኋላ በዚያው ማሽን የወጣው የመጀመሪያው የሙሽሮች አልጋ ራስጌ የሁለቱ የራሳቸው ነበር። ሐረጉን ማሽኗ ቀረጸች፤ የመጨረሻዋን አንዲት ቅጠል ግን ኡስታ ሹክሪ በእጃቸው ሠሯት። ዳሯ ትንሽ ተወላግዳለች። ነፋስ የሚያወዛውዘው ግን እሷን ብቻ ነው።

አሁን መዶሻ የሚሰማበት ቤት ጥቂት ነው። ከግድግዳው ወዲያ የነበረው መሮም ከቆመ ቆየ።

ሲሃም የመጨረሻውን ቀይ ፍርፋሪ በትንፋሿ አባረረችው። ማሽኑን ከፈተች። መለኪያውን እያየች ብሎኗን በቀጭኑ ካቻቪቴ በጥቂቱ አዞረች፤ ሙሉ ሲባል ሙሉ፣ ግማሽ ሲባል ግማሽ እስኪሆን። ከዚያ መለኪያውን ትታ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። የለሰለሰው ድምፅ ነው።

«አንቺ!» የሚል ድምፅ ከፊት ለፊቱ ክፍል መጣ፤ ወንበር እየለበጠ ያለው ዋግዲ ነው። «ምን ሆና ነው? ሙቀት ነው?»

«ሙቀት ነው» አለች።

ከመደርደሪያው አዲስ የቀለም ጠርሙስ አወረደች፤ ቀይ ነው። ብሎኗ ላይ አንድ ጠብታ ጣለችና እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ክዳኑን ገጠመች፤ ጠርሙሱንም በአባቷ ቀጭን መሮ አጠገብ መልሳ አስቀመጠችው።