ዋርጌ ደወሉን እስኪደውል

የመከር ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ከዘብሌ ተራራ ጫፍ ብቅ ስትል፣ የአንዛራ መንግሥት ምንጮች በአንድ ትንፋሽ ደረቁ። ጉሙራ የተባለው የጉም ዘንዶ ምንጮቹን የሚያፈልቀውን የውሃ ዕንቁ ሰርቆ ዋሻው ገብቶ ነበር።

ዕንቁውን ለማስመለስ ሁለት ጭፍራዎች ዘምተው ቀሩ። በአንዛራ ልማድ የጭፍራ ብርታት የሚለካው በልምምድ ጊዜ ኮረብታው ጫፍ ላይ የተሰቀለውን ደወል ቀድሞ በሚደውለው ወታደር ነበር። በዘመቻም እንዲሁ ፈጣኖቹ ይሮጣሉ፣ ሌሎቹ ይንጠባጠባሉ፤ ዘንዶውም ከኋላ የቀረውን እየለቀመ ይበላል።

ሦስተኛውን ጭፍራ የተረከበችው ወጣቷ አዝመራ በንጉሡ ፊት ቆመች። «ጃንሆይ፣ የእኔን ጭፍራ በመጨረሻው ሰው ይለኩልኝ። አንድ ሰው ከኋላ ብተው ምድር አትቀበለኝ!»

የመጨረሻው ሰው አንካሳው ነጋሪት መቺ፣ ሽማግሌው ዋርጌ ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ ደወሉ ዘንድ ሲደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር።

«አባባ፣ ዘንዶው በእርጅና እስኪሞት ልንጠብቅ ነው?» አለ ሯጩ ሸንቁጤ።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ተዝካሩን አብረን እንበላለን!»

አዝመራ ነጋሪቱን ሸንቁጤን አሸከመችው፤ ዋርጌን ከፊት አስቀድማ ሁሉም በእሱ እርምጃ እንዲሄድ አዘዘች። ሸክሙ በጉልበት ልክ ተከፋፈለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጭፍራው አንድም ሰው ሳይጎድል ቀትር ሳይሆን ደወሉን ደወለ።

ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዋሻው ደረሱ። ጉሙራ ዕንቁው ላይ ተጠምጥሞ ተመለከታቸው። ብቻውን የቀረ ሰው አላየምና አልተነቃነቀም።

«ብቸኛ ካላገኘ አይነሣም» አለ ዋርጌ። «ሸንቁጤ፣ ነጋሪቴን ስጠኝ።»

«አይሆንም አባባ! ምያለሁ!» አለች አዝመራ።

«አንቺማ አልተውሽኝም፣ ልጄ። እስቲ ዛሬ እንኳ ሰው ሳላስጠብቅ ልሂድ።»

እያነከሰ፣ ነጋሪቱን እየመታ ወደ ገደሉ ወረደ። ዘንዶው ተፈትቶ ተከተለው። አዝመራ ዘልላ ዕንቁውን አነሣች፤ ጉሙራም እንደ ጠዋት ጉም በነነ። ነጋሪቱ ግን ቀድሞ ዝም ብሎ ነበር።

አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ዕንቁውንም ይዘው ተመለሱ። ኮረብታው ላይ ማንም ደወሉን አልነካም። ሸንቁጤ የሽማግሌውን እጅ በእጁ ይዞ፣ ገመዱን አስጨብጦ ሳበ። ከታች ምንጮቹ ሲንፎለፎሉ ተሰማ።

በተዝካሩ ዕለት ሁሉም የዋርጌን ቀልድ እያነሡ እስኪጠግቡ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በአንዛራ ደወሉን የሚደውለው የመጨረሻው ሰው ነው።