አምፖሉ የዋጠው ቀለም

ሽማግሌው የዕፅዋት ተመራማሪ በችግኝ ማፍያው የመስታወት ቤት ውስጥ፣ ከወደቀው መሰላል አጠገብ ተዘርግተዋል። ሐኪሙ፣ ሽማግሌው ከወደቁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በሕይወት ሳይቆዩ እንዳልቀሩ ተናግሯል። መርማሪዋን የከነከናት ይኸው ነበር። ስንት ዓመት ሬሳ አይታ አልለመደችም፤ እንደማትለምድም ካወቀች ቆይታለች።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የሟቹን ልጅ አነጋገረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ልጅቱ። «ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባቴን የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ አስተምረው ነበር። ትናንት አንዱን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ‹ስንት ጊዜ ልንገርህ?› ብዬ ጮህኩበት። ዛሬ አጎቴ ደውሎ ‹አባትሽ ትምህርቱ ይቅር ብሏል› ሲለኝ፣ ተቀይሞኛል ብዬ ቀረሁ።»

«ስንት ሰዓት ነበር የደወለልሽ?»

«ለሦስት አሥር ጉዳይ። ተኳርፈን ሞተብኝ።»

አትክልተኛዋ ውሃ የጠጣ ሽርጧን እየጨመቀች መጣች። «እኔ ከማለዳ ጀምሮ በጓሮ በኩል ሳጠጣ ነበርኩ። ‹መሰላል ላይ አይውጡ› ስላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉኛል።»

የሟች ታናሽ ወንድም የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበር። «አራት ሰዓት ላይ ስገባ ሞቶ አገኘሁት» አለ። ጥግ ላይ ስለተሰቀለው ካሜራ ስትጠይቀው እጁን አወናጨፈ። «ሙቀት የሚለካ ነው፤ በየሩብ ሰዓቱ ያነሳል። ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ጨለማ ነው። ምንም አይታይበትም።»

መርማሪዋ የሟቹን ደብተር ይዛ ወደ ልጅቱ ተመለሰች። «እስቲ የካሜራውን ምስል ማውጣት እኔንም አስተምሪኝ። ደጋግሜ ብጠይቅሽ ግን እንዳትቆጪኝ።»

ልጅቱ ፈገግ ልትል ብላ እንባዋ ቀደማት። «ምስሉ ቁጥር ነው» አለች በአባቷ ኮምፒውተር ላይ እየጻፈች። «ለእያንዳንዷ ነጥብ አንድ የሙቀት ቁጥር አለ። ኮምፒውተሩ ከትንሹ እስከ ትልቁ ቁጥር ቀለም ያከፋፍላል።» ምስሉ ሲወጣ ከአንዲት ነጭ ነጥብ በቀር ሁሉም ጥቁር ሆነ።

«ነጥቧስ?»

«የማሞቂያው አምፖል። መቶ ሃያ ዲግሪ ስለሆነ ቀለሙን ብቻውን ዋጠው።»

«እሱን ብንተወውስ?»

ልጅቱ እጇ ቆመ። «አባዬ ትናንት የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።» ትንሹን ቁጥር አሥራ አምስት፣ ትልቁን አርባ ብላ ጻፈች። ጨለማው ሲገፈፍ አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪዋ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ዘንድ ሰበሰበች።

«ሁለት ተኩል ላይ የወደቀ ሰው ይታያል» አለች። «አጠገቡ ወንበር ላይ ሌላ ሰው አለ። ፊቱ አይለይም፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚታየው። እስከ ሦስት ከሩብ ድረስ፣ በአራት ምስሎች ላይ፣ ከወንበሩ አልተነሳም። አትክልተኛዋ ብትሆን እርጥብ ሽርጧ ቀዝቅዞ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ልጅቱ ብትሆን ይህን ምስል አትገልጥልኝም ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ ግን ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ምስል ሲያወጡ ኖረው፣ ጀማሪ የሚያውቀው ጠፍቶዎት ነው ‹ምንም አይታይም› ያሉኝ? ለልጅቱ ሲደውሉም ወንድምዎ አጠገብዎ ወለሉ ላይ ወድቀው ነበር።»

ደብተሩን ገለጠች። «ምክንያቱን እሳቸው ጽፈውታል። ‹ወንድሜ ያሳተማቸው የታመመውና የዳነው ቅጠል ምስሎች በተለያየ የቀለም መለኪያ የወጡ ናቸው። በአንድ መለኪያ ሳወጣቸው ልዩነት የላቸውም። አገኘሁት ያለው የቅጠል መድኃኒት አልሠራም። ዛሬ ጠዋት እነግረዋለሁ።›»

«አልገፋሁትም» አለ ወንድምየው። «እያወራን ከላይ የተንጠለጠለውን ሐረግ ሊያስር መሰላሉ ላይ ወጥቶ ወደቀ።»

«ሰውም አልጠሩላቸውም።»

«ልጠራ ነበር። ትንሽ ልቀመጥ አልኩ። ስሜን ሲጠራ እሰማው ነበር።»

ልጅቱ አጎቷን ቀና ብላ አላየችውም። አባቷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ያስቀመጡትን የመጨረሻ ፋይል ከፈተች። ቅጠሎቹ በየቀለማቸው ጥርት ብለው ወጡ፤ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር አባቷ ራሳቸው ወስነው ነበር። ከምስሉ አናት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለአስተማሪዬ። ለአራተኛ ጊዜ አልጠይቅሽም፣ ገብቶኛል። ሦስት ሰዓት ላይ ነይና እይ።»

«አልተቀየመኝም ነበር» አለች። «ይጠብቀኝ ነበር።»