«ማንም አይጠቀምበትም» ያልነው ክላስተር

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ራሴን ንጹህ አድርጌ አይደለም። ነገሩን ባስታወስሁ ቁጥር የሚያቅለሸልሸኝ የበሰበሰው ሥጋ ብቻ አይደለም።

የምሠራው ለሆስፒታሎችና ለትምህርት ቤቶች የሚቀርብ ሥጋ አቀዝቅዞ በሚያስቀምጥ ድርጅት ውስጥ ነው። በየማቀዝቀዣ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አለ። መሣሪያው በየደቂቃው መልእክት ይልካል። መልእክቱን የሚቀበለው ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በኩል ከሌላ ድርጅት የተከራየነው ክላስተር ነው፤ ማለትም አብረው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈውን መልእክት እየተቀበለ ለሚመለከተው ሁሉ የሚያደርስ። አንድ ክፍል ከሞቀ የመጋዘን ኃላፊዋ ስልክ ይጮኻል።

ኃላፊዋን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ አንድ ሙዳ ሥጋ ያልተበላሸባቸው፣ ነጭ ጋወናቸው ላይ ነጥብ የማይታይባቸው ሴት ናቸው።

በዚያ ሰሞን አዲስ ክላስተር አቁመን መልእክቶቹን ሁሉ ወደዚያ አዛውረናል። አዛውረናል ብለን ነበር ብል ይሻላል። አሮጌውን ማጥፋት የአጠገቤ ባልደረባ ድርሻ ሆነ። ቶሎቶሎ ነው የምንለው፤ ስሙን ያወጣለት ጥድፊያው ነው። በደንባችን መሠረት አንዱ ሲያጠፋ ሌላው አይቶ ማጽደቅ አለበት። ዓርብ ከምሳ በኋላ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«እህቴ፣ አጽድቂልኝና ልገላገል።»

«ማን እንደሚጠቀምበት አየህ?»

«ማንም አይጠቀምበትም ባክሽ! የሞተ ነገር ነው።»

ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፤ አንድ ላኪ አሁንም እንደተገናኘ ትናገራለች። አየኋት። እውነቱን ልናገር፣ አየኋት። ብስኩት እያኘክሁ፣ ቅባት በነካው ጣቴ አጸደቅሁ። ሲስተሙም «ከጠፋ አይመለስም፤ እርግጠኛ ከሆኑ የክላስተሩን ስም ይጻፉ» ሲል ጠየቀ። ቶሎቶሎ እያፏጨ ስሙን ጻፈ። ጠፋ።

ያቺ መስመር የአራተኛው ክፍል መሣሪያ ነበረች። ከዓመታት በፊት አንድ ኤሌክትሪሺያን ለብቻዋ ገጥሟት ስለሄደ ከዝርዝራችን ውስጥ አልነበረችም።

ቅዳሜ ጠዋት የአራተኛው ክፍል ማቀዝቀዣ ሞተር ቆመ። የእትዬ ስልክ አልጮኸም። እሳቸውም ዝምታውን ደኅንነት ነው ብለው ዋሉ፤ አደሩ።

ሰኞ ጠዋት ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለን። ከበሩ ሥር ቀላ ያለ ውሃ እየተንኳለለ ይወጣል። እትዬ በሩን ሲከፍቱት የዝንብ መንጋ ፊታቸው ላይ ፈሰሰ። በመንጠቆ የተንጠለጠለው ሥጋ አረንጓዴ ለብሶ ይዝለገለጋል፤ ወለሉ ላይ የረገጥነው ሁሉ ጫማችን ላይ ይጣበቃል። አንዱ ሠራተኛ ግድግዳ ተደግፎ አስመለሰ።

ሥራ አስኪያጁ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የት ነበሩ? ስልክዎን ዘግተው ተኝተው ነው?»

«አልዘጋሁም። ይኸው፣ እዩት! አልጮኸም።» ስልኩን ዘረጉለት።

«ስልክ አልጮኸም ይባላል? በሉ ደብዳቤዎን ይጠብቁ!»

ቶሎቶሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ዝም በይ። እሳቸው እንደሆነ ጡረታቸው ደርሷል፣ ምን ይጎዳሉ? እኛ ገና ነን።»

ያኔ ነው የእውነት ያቅለሸለሸኝ። የበሰበሰ ሥጋ ቢያንስ ሽታውን አይደብቅም። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ለአፍታ ያህል ምክሩ ጥሞኝ ነበር። በራሴ ተጸየፍሁ።

«ጥፋቱ የእትዬ አይደለም» አልሁት ሥራ አስኪያጁን። «መልእክቱ የሚያልፍበትን ክላስተር ዓርብ አጥፍተነዋል። ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠቀም እንዳለ እያየሁ።»

ቶሎቶሎ አቀርቅሮ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሥጋው በመኪና ተጭኖ ተቀበረ። የአንድ ሆስፒታል ሕሙማን አራት ቀን ያለ ሥጋ ሰነበቱ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት የተሳደበውን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቆ መለሰ። ወለሉን የፋቅነው ሁለታችን ነን፤ ሽታው ጥፍራችን ሥር ሳምንት ቆየ። እየፋቅን ሳለ እትዬ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከማጥፋታችሁ በፊት ‘እትዬ፣ ይህ ነገር ያስፈልግዎታል ወይ?’ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከቢሯችሁ እኔ ዘንድ ስንት ደረጃ ነው?»

«አሥራ አራት» አለ ቶሎቶሎ። ቀና ብሎ አላያቸውም።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ አሮጌ ክላስተር የምናጠፋበት ቀን ደረሰ። ይህን ጊዜ ቶሎቶሎ የተገናኙትን ሁሉ አንድ በአንድ መዘገበ፤ ክፍል ለክፍል እየዞረ ጠየቀ። ሊያስፈልጉ የሚችሉ መልእክቶችን ሌላ ቦታ ገለበጥን። ከዚያም አላጠፋነውም። መልእክት እንዳይገባ እንዳይወጣ ብቻ ዘግተን አንድ ሳምንት ለመጠበቅ ተስማማን።

በሦስተኛው ቀን የመኪና ስምሪት ኃላፊው ደወለ። «ኧረ ምን ነካችሁ? መኪኖቼ ያሉበት ቦታ ከስክሪኔ ጠፋብኝ!» እሱን ስንጠይቀው «እኔ አልጠቀምበትም» ብሎን የነበረ ሰው ነው። በሁለት ደቂቃ መልሰን ከፈትንለት፤ ወደ አዲሱ አዛወርነው፤ እንደገና ዘግተን ሙሉ ሳምንት ጠበቅን። ማንም አልደወለም። ያን ጊዜ እኔ ዝርዝሩን መስመር በመስመር አንብቤ አጸደቅሁ፣ ቶሎቶሎ አጠፋ። አላፏጨም።

ወገኖቼ፣ የሌላውን ሰው ነገር ከማጥፋታችሁ፣ ከመዝጋታችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጠይቃችሁም ጠብቁ። እኛ «ማንም አይጠቀምበትም» ያልነው፣ ማንንም ስላልጠየቅን ነበር።