ሃያ ዓመት የተቆለፈው ቁምሳጥን

ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ሽማግሌው ዘበኛና እናቷ በወሊድ የሞተችባት አንዲት ልጃቸው። አባት እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት ሁለት ነገር ነው፤ ልጃቸውንና በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ የቆመውን ባለመስታወት ቁምሳጥን። ቁምሳጥኑ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ አለ። «እንዳይሰበር» ተብሎ ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪ አልነካውም! ልጆቹ ሥዕሉን ከሰሌዳ ይገለብጣሉ፣ እሳቸው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። «ጋሼ ቁልፉ» የሚል ስም የወጣላቸውም ለዚሁ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ አባቷ አቧራውን ሲወለውሉ አይታ እጇን ሰደደች። እጇን በዘንግ መቷት። በሕይወታቸው የመቷት ያን ቀን ብቻ ነው። ምነው ያኔ እጃቸውን በቆረጠው!

ልጅቷ አድጋ መጽሐፉን እንደ ውሃ ጠጣችው፣ ዩኒቨርሲቲም ገባች። ሰፈሩ እልል አለ። እዚያ ግን ምን ጠበቃት? ቤተ ሙከራ ካላቸው ትምህርት ቤቶች የመጡት እኩዮቿ ማይክሮስኮፑን እንደ ቤታቸው ዕቃ ይዘውሩታል። እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች። መምህሩ የናቀችው መሰለው። በተግባር ፈተናው ዜሮ ሰጣት! ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሰጠውን ድጋሚ ፈተና ካላለፈች ትባረራለች። ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ መጣች።

«ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?»

«አባዬ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ልነካው ስል ግን እጄ እምቢ ይለኛል።»

ሽማግሌው ክው አሉ። ያ ዘንግ... ያቺ ትንሽ እጅ... ለካ ልጃቸውን ያሰናከሏት ራሳቸው ኖረዋል! ዘለው ተነሥተው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ።

«ቁምሳጥኑን ልከፍተው ነው፤ ልጄ ትለማመድበት።»

«ከተሰበረስ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ከደመወዜ ቁረጡ! የተሰበረችውን ልጄንስ ከማን ደመወዝ ልትቆርጡልኝ ነው?»

«በሉ ክፈቱት» አሉ ርዕሰ መምህሩ። አባት ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ቁምሳጥኑን ከፈቱና ማይክሮስኮፑን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ንኪው ልጄ። እኔ አባትሽ ነኝ የምልሽ፣ ንኪው!»

እጇን ሰዳ ግማሽ መንገድ ላይ አቆመችው። አባት የሻከረ መዳፋቸውን በላዩ አሳርፈው አብረው ዘወሩት። ከዚያ እሷ ከሥሩ ስስ የሽንኩርት ልጣጭ አስቀመጠች።

«ምን ታየሽ?»

«ቆይ አባዬ... እንባዬ ጋረደኝ...»

ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተለማመደች፤ ድጋሚውንም አለፈች። አንደኛ አልወጣችም፣ ግን አለፈች!

ወይ ዕድል! ስንቱን ባለ አእምሮ ልጅ ከመስታወት ማዶ አቁመሽ አስቀርተሽ ይሆን? ጋሼ ቁልፉ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ቁምሳጥኑ ሐሙስ ሐሙስ ለተማሪዎች ይከፈታል፤ እሳቸውም አይቀሩም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከሰልፉ መጨረሻ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ አዩ። ቀስ ብለው ሄደው አጠገቧ በርከክ አሉ።

«አንቺ ሚጢጢ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? በይ እጅሽን አምጪ!»